ክቡን ሳንሰብር፦ የሀገር በቀል ሙዚቀኞችን ኮንሰርት ከመንደር እስከ መድረክ ማዘጋጀት

በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት የደራሼ ሰዎች ፊላ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፉ ከክቡ አጠገብ ቆሞ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይነግሩት ይገባዋል። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው የቀርከሃ ፊላ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ከዚያ ለጎረቤቱ ይለቃል። ጎረቤቱም እንዲሁ። አንዱን ነፊ ለብቻው ጠርታችሁ «ዜማውን አሰማን» ብትሉት የሚያሰማችሁ የተቆራረጠ ትንፋሽ ነው። ዜማው የሚገኘው ሁሉም ሲሰበሰቡ፣ ክብ ሲሠሩና ሲዞሩ ነው። በምዕራብ፣ በቤኒሻንጉል የሚኖሩት የቤርታዎቹ ዋዛም ከዚህ አይርቅም፦ ከቅል ቁራጮች የተገጣጠሙት ረጃጅም መለከቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው ተራ በተራ ይገባሉ። ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ደራሼ ነፊዎች የድምፅ አሰላለፍ በየመድረኩ በአድናቆት የሚያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ወደ ከተማ ስናመጣው ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ይደርሳል። ጥፋቱ የሙዚቀኞቹ አይደለም፣ የእኛ የአዘጋጆቹ ነው። በሰባት ደቂቃ ፕሮግራም፣ በሰልፍ አሰላለፍ፣ በኢኮ በተሞላ ማይክ እንሰብረዋለን። ይህ መመሪያ ትንሽ ኮንሰርት ለማዘጋጀት ለሚያስቡ የባህል ማኅበራት፣ የዩኒቨርሲቲ ክበባትና ወጣት አዘጋጆች ነው። ምሳሌዎቼ ባብዛኛው የደቡብ ናቸው፣ አካሄዱ ግን ለሌላውም ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ስንት ቡድን?

ሦስት ይበቃል። አራት ካላችሁ ሌሊቱን አስቡበት። በየበዓሉ የለመድነው አሥራ ሁለት ቡድን ተሰልፎ እያንዳንዱ ጨፍሮ የሚወርድበትን ዝግጅት ነው። እሱ የራሱ ቦታ አለው፣ ኮንሰርት ግን አይደለም። ብዙዎቹ የማኅበረሰብ ዜማዎች የሚሞቁት ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ዘፋኞቹ እርስ በርስ መሰማማት ሲጀምሩ፣ እግር ከእግር ሲገጥም፣ ያኔ ነው ጉዳዩ የሚጀመረው። ለአንድ ቡድን ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ስጡ።

ሦስቱ ቡድኖች የተለያየ ዓይነት ድምፅ ቢኖራቸው ጥሩ ነው። ለምሳሌ የፊላ ነፊዎች፣ ከጉጌ ተራራ የዶርዜ ዘፋኞች፣ ከሰሜን ደግሞ አንድ አዝማሪ ከነማሲንቆው። ዶርዜዎቹ መሣሪያ አይፈልጉም። መሪው ያነሳል፣ አንዱ ከላይ በቀጭኑ ይሄዳል፣ የቀረው ሕዝብ ከሥር በወፍራሙ ይይዛል፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረባል። አዝማሪው ግን ብቻውን ነው፣ ጨዋታው ከታዳሚው ጋር ነው። ሦስቱን በአንድ ምሽት የሰማ ሰው «የባህል ሙዚቃ» የሚለው አንድ ቃል ምን ያህል ብዙ ነገር እንደሚደብቅ ይረዳል።

ቀጥሎ፦ ሄዳችሁ እዩ

ስልክ ተደውሎ የሚመጣ ቡድን አለ። ወደ ዞኑ ወይም ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስትደውሉ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሰ፣ በደንብ የተለማመደ የወጣቶች የባህል ቡድን ነው። ወጣቶቹ ጎበዞች ናቸው፣ አልንቃቸውም። እናንተ የምትፈልጉት ግን ዜማውን ከአባታቸው የወረሱትን፣ በለቅሶውም በሠርጉም በደቦውም ላይ የሚጠሩትን ሰዎች ከሆነ እስከ ቀበሌው ድረስ መሄድ አለባችሁ። ጽሕፈት ቤቱን አትዝለሉት፤ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ባለሙያ አብሯችሁ ይውጣ። ውሳኔው ግን ከሽማግሌዎቹና ከሙዚቀኞቹ ጋር ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ካሜራ አታውጡ። ተቀመጡ፣ የቀረበላችሁን ቅመሱ፣ ለምን እንደመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

ይህ ዜማ መቼ ይዜማል? መቼስ አይዜምም? አንዳንዱ የመኸር ነው፣ አንዳንዱ የለቅሶ፣ አንዳንዱ ከሥርዓቱ ውጪ ጭራሽ የማይነሳ። በገናን አስቡ፦ የጸሎት መሣሪያ ነው፣ በዐቢይ ጾም ይበልጥ የሚሰማ። በጭፈራ መሐል አስገብቶ ማስጨብጨብ ደርዳሪውንም አድማጩንም ያሳዝናል። ካካተታችሁት ምሽቱ በእሱ ይከፈት፣ መብራቱ ይቀንስ፣ ጭብጨባ እንዳይኖር አስቀድማችሁ ንገሩ።

ማን ይዘፍነዋል? ለወንዶች፣ ለሴቶች ወይም ለአንድ የዕድሜ እርከን ብቻ የተተወ ዜማ ይኖራል።

እናንተ ምን ማሳየት ትወዳላችሁ? ይህኛው የሚረሳ ጥያቄ ነው። እኛ ያየነውን ቪዲዮ ይዘን እንሄድና «ይችን ድገሙልን» እንላለን። ሲጠየቁ ግን ማንም ያልቀረጸውን ያነሳሉ።

አንድ ቀላል ያልሆነ ነገር ልጨምር። በብዙ አካባቢ ሙዚቀኛው በታሪክ የተናቀ ሰው ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ሥሩ «ዘመረ» ሆኖ ሳለ ስድብ ሆኖ ኖሯል። በደቡብም ከበሮ የሚመቱትና መለከት የሚነፉት ከሸክላ ሠሪና ከቆዳ ፋቂ ቤተሰብ የሆኑባቸው፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀመጡባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ርዝራዡ ዛሬም አለ። ስለዚህ ማን ከማን ጋር በአንድ መኪና እንደሚሄድ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር ቀድማችሁ በዘዴ አጣሩ። በእናንተ ቤት ግን ሁሉም በአንድ ገበታ ይብላ። ይህ የኮንሰርቱ አካል ነው፣ ከዘፈኑ ያልተናነሰ።

ቀኑን መቁረጥ

ቀን የሚቆረጠው ከአዳራሹ የቀጠሮ መዝገብ ሳይሆን ከእርሻው ነው። ዘር በሚዘራበትና እህል በሚሰበሰብበት ጊዜ ገበሬ ሙዚቀኛን አምስት ቀን ከማሳው ማንሳት ጉዳት ነው። የደቡቡ ዝናብ ከሰሜኑ ክረምት ጋር አይገጥምም፣ በልጉ ከባድ ነው፣ ስለዚህ በአዲስ አበባ ሰማይ አትፍረዱ፣ እነሱን ጠይቁ። ከኅዳር 29 ራቁ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 የጸደቀበት ይህ ዕለት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ስለሚከበር የባህል ቡድኖቹም የዞን መኪኖቹም ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በሙሉ የተያዙ ናቸው። ጾምና በዓላትን ደግሞ የሦስቱንም ቡድን እምነት ይዛችሁ አመሳክሩ።

ከቀኑ ጋር ፈቃዱን አያይዙ። በአዲስ አበባ ከሆነ ለከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮና ለአካባቢው ፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ፣ የገቢ ማኅተም ያለበትን ግልባጭ በእጃችሁ ያዙ። በሮች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ሰዓት እዚያው ላይ ጻፉ። ሌላው የቢሮ ጉዳይ እንደየቦታው ይለያያልና ወር ተኩል ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።

ገንዘቡና ውሉ

ስንት እንደሚከፈል ከማውራታችሁ በፊት ስንት ቀን እንደምትወስዱባቸው ቁጠሩ። 18 ሰው ከደራሼዎቹ ከተማ ከጊዶሌ ቢመጣ፣ ሁለት ቀን ለመምጣት፣ አንድ ቀን ለዕረፍትና ለሳውንድ ቼክ (ለድምፅ ሙከራ)፣ አንድ ቀን ለኮንሰርቱ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ፦ 6 ቀን በ18 ሰው፣ 108 የሥራ ቀን ማለት ነው። አበል ለእነዚህ ቀናት ሁሉ ይታሰባል። የሙያ ክፍያው ደግሞ ከአበሉ የተለየ ነው። «ምግብና መኝታ ችለናል» ብሎ አበልን እንደ ክፍያ መቁጠር በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የተለመደ በደል ነው። ለድምፅ መሣሪያ ኪራይ የማንከራከር ሰዎች ለሙዚቀኛው ሲሆን የምንከራከርበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አልተረዳሁትም።

ሲሶውን ወይም ግማሹን ቅድሚያ ክፈሉ። ከቤቱ የሚወጣ ሰው ለቤቱ የሚተወው ያስፈልገዋል። የቀረውን እዚያው መድረኩ ባለበት ምሽት ክፈሉ፤ «ከተመለሳችሁ በኋላ እንልካለን» አይባልም። ለቡድኑ መሪ ብቻ ከመስጠት ይልቅ ክፍፍላቸውን ራሳቸው በጋራ እንዲወስኑ አድርጉና የስም ዝርዝር ላይ ሁሉም ይፈርም ወይም አሻራ ያኑር። ቴሌብር ያለው በቴሌብር፣ የሌለው በጥሬ ብር።

ውሉ አንድ ገጽ ይሁን። በአማርኛ ተጽፎ በቋንቋቸው ይነበብላቸው። የሚያነበው የእናንተ ሰው ሳይሆን እነሱ የመረጡት ይሁን። ስለ ቀረጻ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ቆም በሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋቹ መብት ይሰጠዋል፦ ያለ ፈቃዱ ጨዋታው አይቀረጽም፣ አይሰራጭም። ስለዚህ በግልጽ ለዩአቸው፦ ለመዝገብ ብቻ መቅረጽ፣ በዩቲዩብ መልቀቅ፣ ለቴሌቪዥን መስጠት፣ ለሌላ ሙዚቃ ማጀቢያ ማዋል። ለአንዱ እሺ ያለ ለሁሉም እሺ አላለም። የመጨረሻውን እኔ ብሆን ጭራሽ አልጠይቅም።

መንገድና ማረፊያ

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጊዶሌ ከዚያም ያልፋል። የደረሱ ዕለት መድረክ ላይ አይወጡም። መንገድ ላይ አሳድሩ። መሣሪያው ከሻንጣ በታች አይጫን፤ የቀርከሃ ፊላ ከተሰነጠቀ በከተማ መለዋወጫ የለውም። ከቆላ ለሚመጣ ሰው የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳልና ለእያንዳንዱ ጋቢና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይዘጋጅ። የጉሮሮ ሕመም የዘፋኝ ቡድንን ባዶ ያደርጋል።

ምግቡን ጠይቁ። ለደራሼዎች ከማሽላና ከበቆሎ የሚዘጋጀው ፓርሾት የዕለት ዋና ምግባቸው ነው። ሦስት ጊዜ እንጀራ አቅርባችሁ «አልበሉም» ብትሉ ስህተቱ የእናንተ ነው። አጣርታችሁ የሚስማማቸውን አቅርቡ፣ ጿሚውንም ከፍስኩ ለዩ።

ቦታውና ድምፁ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ኮንሰርት የሚበላሸው እዚህ ነውና።

አንድ ጊዜ በአንድ አዳራሽ ነፊዎችን በሰልፍ አቁመን ነበር። መድረኩ ጠባብና ረጅም ነው፣ ፊታቸው ለታዳሚው እንዲታይ ፈለግን፣ ከፊት ለፊት አራት ማይክ ደረደርን። ጀመሩ። ዜማው ሦስት ዙር ሳይሄድ ተፈታ። ከዳር ያለው ከወዲያኛው ዳር ያለውን አልሰማውም፣ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰው፣ ተራው አለፈው። መሪያቸው ሽማግሌ ነበሩ። ምንም አልተናገሩም። መንፋት አቆሙ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሁለቱን ዳሮች ወደ ኋላ ሳቡና አገናኙ። ማይኩን በእግራቸው ቀስ ብለው ገፉት። ክቡ ሲገጥም እንደገና ጀመሩ። ግማሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር፣ ድምፁ ግን ሞላ። እኔ ከመድረኩ ጎን ቆሜ ያንን ሁሉ ወር ያዘጋጀሁት በስህተት እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ክብ የሚሠራ ሙዚቃ ካላችሁ መድረክ ያለውን አዳራሽ ተዉት። ወለሉ ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጉ፦ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም፣ የግቢ ድንኳን፣ ሰፊ በረንዳ። ሙዚቀኞቹ መሐል፣ ታዳሚው በአራቱም በኩል። የፊት ረድፉ በምንጣፍ ላይ ይቀመጥ፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ የቆመ። መቼም የአንዱን ጀርባ የሚያይ ይኖራል፣ ሲዞሩ ግን ፊትም ይደርሰዋል።

ከ200 ሰው ላልበለጠ ታዳሚ ዶርዜዎቹና ፊላው ማጉያ ላያስፈልጋቸው ይችላል። መጀመሪያ ያለ ማይክ ሞክሩት። ካስፈለገ ለእያንዳንዱ ሰው ማይክ አትስጡ፤ ከክቡ በላይ ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ሰቅላችሁ ክቡን እንደ አንድ መሣሪያ ውሰዱት። ሞኒተር፣ ማለትም ድምፅን ወደ ሙዚቀኞቹ የሚመልሰውን ስፒከር፣ ክቡ ውስጥ አታስገቡ፣ እርስ በርስ የሚሰሙትን ይሸፍንባቸዋል። ኢኮውን አጥፉት። የድምፅ ባለሙያዎቻችን ለዘፋኝ ሁሉ ኢኮ መጨመር ልማዳቸው ነው፣ ተራ በተራ በሚገባ ድምፅ ላይ ኢኮ ሲደረብ ግን ዝብርቅርቅ ይሆናል።

የድምፅ ባለሙያውን ሳውንድ ቼኩ ዕለት አታስተዋውቁት። ከሳምንት በፊት ከመንደር በስልክ የቀረጻችሁትን አሰሙት፣ «እንዲህ እንዲሰማ ነው የምንፈልገው» በሉት። በገና ካለ በተለይ። የበገና አውታሮች ከሥራቸው እንዝራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ አለባቸው፣ ያ ነዛሪ ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። የማያውቅ ባለሙያ ንዝረቱን የገመድ ብልሽት መስሎት በኢኩዋላይዘር ሲያጠፋው ይታያል። በገናው ያኔ ድምፁን ያጣል።

ከበሮ በብርድና በእርጥበት ይላላል። ባለቤቶቹ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ያወጥሩታል፣ አዳራሽ ውስጥ ግን እሳት የለም። በግቢው ማንደጃና ከሰል አዘጋጁ፣ አንድ ልጅ ይመደብበት። ክራርና ማሲንቆ ደግሞ ከመብራቱ በኋላ ይቃኙ፤ የመድረክ መብራት ሙቀት አውታሩን ያረግባል። ዋሽንት ነፊ ካለ ለየቅኝቱ የተለያየ ዋሽንት ይይዛልና የሚያስቀምጥበት ትንሽ ጠረጴዛ ስጡት። ሳውንድ ቼክ ሲያልቅ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የቡድኑ መሪ ይሁን። «ይበቃል» ሲሉ ይበቃል፣ «አይሰማም» ካሉ አይሰማም።

ምሽቱ

አስተዋዋቂ ሁለት ይሁኑ፦ አንዱ የታዳሚውን ቋንቋ የሚናገር፣ ሌላው ከሙዚቀኞቹ መንደር የመጣ። የመጣው ይጀምር። የሰዎቹን ስም ከነአባት ስማቸው በትክክል አጥኑ፤ «የደራሼ ብሔረሰብ አባላት» ተብለው ብቻ እንዳይቀሩ። ሕዝቡን ራሱን በሚጠራበት ስም ጥሩ፤ በድሮ መጻሕፍት የቀሩ የንቀት ስሞች አሁንም በአንዳንድ አንደበት ላይ ስላሉ የንግግሩን ጽሑፍ አስቀድማችሁ እዩት። ዶርዜዎቹ የሚሉት ለአማርኛ ተናጋሪው አይገባውምና የግጥሙን አሳብ በአንድ ወረቀት አባዝታችሁ በር ላይ አድሉ። በዘፈን መሐል ግን ትርጉም አይነገር።

አዝማሪው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ጫጫታ ይወዳል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ነው የሚነሳው፣ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሚያቀብለው። ወንበሩን ወደ ታዳሚው አቅርቡለት፣ መብራቱንም በታዳሚው ላይ አብሩ፣ ማንን እንደሚያወድስና ማንን እንደሚሸነቁጥ ማየት አለበት። በቅደም ተከተል እሱን መጨረሻ ላይ የማደርገው ለዚህ ነው፤ ሰው ከሞቀ በኋላ ጸጥታ አይመለስም።

ሽልማትስ? ለአዝማሪ ብር ግንባር ላይ መለጠፍ ወግ ነው። በፊላው ክብ ውስጥ ገብቶ አንዱን ነፊ መሸለም ግን ሰንሰለቱን ይበጥሳል፣ የአንዱ ግንባር ሞልቶ የሌላው ባዶ ሲሆንም ቅር ያሰኛል። ለእነሱ ከክቡ ዳር አንድ ሙዳይ አስቀምጡ፣ የገባው ለቡድኑ በሙሉ ነው ተብሎ ይነገር።

ፊልም አንሺዎች ከሁለት አይብለጡ፣ ከክቡ ውጪ ይሁኑ። ታዳሚው በስልክ እንዲቀርጽ ሙዚቀኞቹ ካልፈቀዱ በር ላይ በትሕትና ተናገሩ። ከፈቀዱም መብራት (ፍላሽ) አይበራ።

በማግስቱ

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ አብራችሁ ተቀመጡና ምን እንደተሰማቸው ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ጻፉት፣ የሚቀጥለው ዝግጅታችሁ ዕቅድ ከዚያ ይወጣል። ሂሳቡ ተዘግቶ፣ ፊርማው ተሟልቶ፣ መኪናው በሰዓቱ ይነሳ። ሲደርሱ ደውሉ።

የቀረጻችሁትን በአንድ ወር ውስጥ መልሱ። በኢንተርኔት ሊንክ ሳይሆን በእጅ፦ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ በሚሞሪ ካርድ፣ ለቀበሌው ትምህርት ቤት አንድ፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ። በፋይሉ ስም ላይ የሰዎቹን ስም፣ የመንደሩንና ቀኑን ጻፉ። ከቻላችሁ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ባለፈው ይዘን የሄድነውን በአንዲት ትንሽ ስፒከር በደጅ ከፈትነው። ልጆቹ ከበቡን፣ ሽማግሌው ደግሞ ከጎኔ ተቀምጠው እያዳመጡ በጣታቸው ጉልበቴን እየነኩ የእያንዳንዱን ነፊ ስም ተራው ሲደርስ ይነግሩኝ ነበር።